«ያየ ማን አለ?»

ጥያቄው፦

«ከሐይቅ ከተማ ነው የምጽፈው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አያቴ አበጋር ናቸው። ባለፈው ማታ ደጅ ተቀምጠን ቡና እየተጠጣ ሳለ፣ ጽንፈ ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳለው ከመጽሐፌ አነበብኩላቸው። ‹ያየ ማን አለ?› አሉኝ። ‹ጥንታዊ ብርሃን አለ፤ የሚናገረው እሱ ነው› አልኳቸው። ከዚያ በላይ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። ብርሃን እንዴት ያረጃል? አሁንም ካለ ለምን አይታየኝም? የተነሣበት ቦታስ የት ነው? ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?»

ምላሽ፦

አብሽሪ እህቴ። አያትሽ የጠየቁሽ እኛ በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች ዕድሜያችንን የምንፈጅበትን ጥያቄ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ለዓመታት ያጠናሁትም ይህንኑ ጥንታዊ ብርሃን ነው። የደሴ ልጅ ስለሆንኩ የአበጋሮችን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ አድጌያለሁ። ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ በወሬ አይፈርድም። ምስክር ይጠራል፤ የት ቆመህ አየህ ይለዋል፤ ቃሉን ከሌላው ምስክር ቃል ጋር ያስተያያል፤ ያላየውን ሲጨምር ያስቆመዋል። የጽንፈ ዓለም ነገርም የሚጣራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ምስክሩን እሳቸው ፊት አቁሜ እንደማስጠይቅ አድርጌ ልጻፍልሽ።

ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ያየ ሰው የለም፤ እዚያው የነበረ ብርሃን ግን አለ። ያ ብርሃን ዛሬም አልጠፋም። ቀንም ሌሊትም፣ ከሁሉም አቅጣጫ፣ ሐይቅም ላስታም ይደርሳል። የሚናገረው ግን ስለ መጀመሪያዋ ቅጽበት አይደለም፤ ከእሷ 380 ሺህ ዓመት ያህል በኋላ ስለነበረው ዓለም ነው። ይህን ልዩነት ለአያትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ብዙ ጸሐፊ ዘሎት የሚያልፈው እሱን ነው።

ብርሃን የሚያረጀው መንገድ ላይ ስለሚቆይ ነው። በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝም ሰማይ ሰፊ ነው። ከጨረቃ እኛ ዘንድ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ፣ ከፀሐይ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ሸፍናት ዙሪያዋ ብቻ እንደ ቀለበት ሲያበራ እዚያ ነበርኩ። አጠገቤ የቆመ አንድ ልጅ መነጽሩን ሳያወልቅ «ፀሐይዋ አሁን ድርግም ብትል ወዲያው እናውቃለን?» ብሎ ጠየቀኝ። አናውቅም። ከስምንት ደቂቃ በላይ ምንም እንዳልሆነች ሆና እናያታለን። በጥር ማታ ከሁሉም ከዋክብት አብልጦ የሚያበራው ሲሪየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ የምታዪው አንቺ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሽ የተነሣውን ብርሃኑን ነው። በኅዳር፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከከተማው መብራት ርቀሽ ወደ ሰሜን ብታዪ አንድሮሜዳ የሚባለው ጋላክሲ እንደ ደበዘዘ የጉም ቁራጭ ይታይሻል። ብርሃኑ የተነሣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ቀድሞ በወሎ ሥር በነበረው ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት ታውቂያለሽ፤ በዓይንሽ የምታዪው ብርሃን ከእሷ ዘመን ብዙም አይርቅም። እየራቅን በተመለከትን ቁጥር የምናየው የቀድሞውን ነው። አስማት የለበትም፤ የርቀትና የፍጥነት ስሌት ነው።

ታዲያ እጅግ ርቀን ብንመለከት መጀመሪያውን አናይም? አናይም፤ ምክንያቱ ጉም ነው።

ደሴ ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ አጠገብሽ ያለው ባሕር ዛፍ ይታይሻል፤ ቀጥሎ ያለው ደብዝዞ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። እዚያ ግን ግድግዳ የለም። ብርሃኑ በውሃ ጠብታዎች እየተጋጨ አቅጣጫውን ስለሚስት ነው፤ ዓይንሽ የሚያገኘው ለመጨረሻ ጊዜ ተጋጭቶ ወደ አንቺ በቀጥታ የመጣውን ነው። የጥንቱ ጽንፈ ዓለምም እንዲህ ያለ ጉም ነበር። ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሣ ኤሌክትሮኖች ከፕሮቶኖች ጋር ተጣምረው አቶም መሆን አልቻሉም፤ ልቅ ሆነው ይባዝኑ ነበር። ብርሃን ጥቂት እንደተራመደ ከአንዱ ኤሌክትሮን ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ ከሌላው። ዓለሙ እየሰፋ ቀዘቀዘ። ሙቀቱ ወደ 3,000 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከመጨረሻው ቅዝቃዜ፣ ጀምሮ የሚቆጠር ዲግሪ) ሲወርድ ኤሌክትሮኖቹ ከፕሮቶኖቹ ጋር ተያዙ፤ ሃይድሮጂን ተሠራ፤ ጉሙ ተገለጠ። ያን ጊዜ የተለቀቀው ብርሃን እስከ ዛሬ እየተጓዘ ነው። ምስክራችን እሱ ነው።

አያትሽ 80 ዓመት ሞልቷቸዋል ብንል፣ በዚሁ ልክ ስናሰላው ይህ ብርሃን የሚያሳየን ተወልደው አንድ ቀን እንኳን ሳይሞላቸው የተነሡትን ፎቶግራፍ ነው። የመጀመሪያ ለቅሷቸውን አይደለም፤ በዚያው ዕለት ተጠቅልለው የተኙትን ሕፃን ነው።

አሁን ምስክሩ እንዴት ተገኘ ወደሚለው እንሂድ፤ አበጋር ቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆልምዴል በተባለ ቦታ፣ እንደ ትልቅ ቀንድ የተሠራ አንቴና ይዘው ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ይለኩ ነበር። በ7.35 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ትርፍ ሹክሹክታ አገኙ። አንቴናውን ወደ ኒው ዮርክ ከተማ አዞሩት፤ ያው ነው። ወደ ባዶ ሰማይ አዞሩት፤ ያው ነው። ወራት አለፉ፤ ክረምትና በጋው አልለወጠውም። ቀንዱ ውስጥ እርግቦች ጎጆ ሠርተው ኖሯል፤ እርግቦቹን አስወጡ፤ ኩሳቸውን ጠርገው አጸዱ፤ የአንቴናውን መገጣጠሚያዎች በአሉሚኒየም ቴፕ ሸፈኑ። ሹክሹክታው አልሄደም። ወደ ሙቀት ሲመነዘር ከፍጹም ዜሮ በላይ 3.5 ዲግሪ ያህል ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ይህ ክፍል ነው። ሁለቱ ሰዎች ስለ ጽንፈ ዓለም አጀማመር ሊመሰክሩ አልተነሡም። መሣሪያቸው ተበላሸ ብለው ነው የለፉት። የፈለጉትን ያገኙ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ አያትሽ «ነገሩ ተመካክረውበት ይሆናል» ሊሉ ይችሉ ነበር። በዚያው ጊዜ ብዙም በማይርቀው ፕሪንስተን ሮበርት ዲኪና ባልደረቦቹ ጥንታዊው ብርሃን መኖር እንዳለበት አስበው የሚለኩበትን መሣሪያ እየሠሩ ነበር። በስልክ ሲገናኙ አንዱ የሚፈልገውን ሌላው ይዞት ተገኘ፤ በ1965 ሁለቱም ወገኖች ውጤታቸውን ጎን ለጎን አሳተሙ። ከዚያም ወደ ኋላ ሲታይ፣ ራልፍ አልፈርና ሮበርት ኸርማን በ1948 የዚህን ብርሃን ሙቀት 5 ዲግሪ ያህል ብለው አስልተው ነበር። ካናዳዊው አንድሪው ማኬላር ደግሞ በ1941 በከዋክብት መካከል ያለ ጋዝ ሙቀቱ 2.3 ዲግሪ ያህል እንደሆነ ለክቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ከምን ጋር እንደሚያያዝ ያስተዋለ አልነበረም። ምስክሩ ችሎት ደጃፍ ቆሞ ኖሯል፤ የጠራው ግን አልነበረም።

«አሁንም ካለ ለምን አይታየኝም?» ላልሽው ደግሞ፣ ከሱሪ ላይ የወጣ ላስቲክ ውሰጂና በእስክሪብቶ ጥቅጥቅ ያለ ሞገድ ሣይበት፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ይዘሽ ሳቢው። ሞገዱ አልጠፋም፤ ተዘረጋ እንጂ። ጠፈር ራሱ ሲሰፋ በውስጡ የሚጓዘው ብርሃንም እንዲሁ ይዘረጋል። 3,000 ኬልቪን ማለት የድሮው ባለ ክር አምፖል ሲበራ የሚደርስበት ሙቀት ነው፤ ያኔ ዓይን ያለው ፍጥረት ቢኖር ኖሮ ሰማዩ በሙሉ እንደዚያ ክር ብጫና ብርቱካናማ ሆኖ ይታየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓለሙ 1,100 ጊዜ ያህል ተለጥጧል። ያ ወርቃማ ብርሃን ዛሬ የሞገድ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ደርሶ ማይክሮዌቭ ሆኗል፤ ሙቀቱም 2.725 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው። ዓይናችን ለዚህ አልተሠራም።

አሮጌ ቴሌቪዥን ግን ይሰማው ነበር። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን እትዬ ቤት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን እናይ ነበር። ሥርጭቱ ሲያበቃ መስኮቱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፤ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ድምፅም ያወጣል። እትዬ «ዝጉት፣ ባዶውን መብራት ይበላል» ይሉናል። ከዚያ ነጠብጣብ ውስጥ ከመቶ አንዱ ያህል ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተነሣው ብርሃን እንደነበረ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ባዶ አልነበረም።

አንድ ተጠራጣሪ ይህ ብርሃን የከዋክብት ወይም የአቧራ ሙቀት ሊሆን ይችላል ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ የመጣው በኅዳር 1989 እ.ኤ.አ. ከመጠቀችው ኮቤ ከተባለች ሳተላይት ነው። ጆን ማተርና ባልደረቦቹ ብርሃኑን በየሞገድ ርዝመቱ ከፋፍለው ለኩት። አንድ ወጥ ሙቀት ያለው አካል ምን ያህል ብርሃን በየትኛው ሞገድ እንደሚያወጣ በስሌት ይታወቃል። የተለካው ከስሌቱ መሥመር ላይ አንድም ቦታ ሳይዛነፍ ተቀመጠ። በጥር 1990 ያ ግራፍ ለሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ጉባኤ ሲታይ ታዳሚው ተነሥቶ አጨበጨበ። ከተለያዩ ከዋክብትና ከአቧራ የተቀላቀለ ብርሃን እንዲህ ያለ ወጥ መልክ ሊይዝ አይችልም፤ መላው ዓለም አንድ ጊዜ ትኩስና እኩል የተዋሐደ ካልነበረ በቀር። በሩቅ የጋዝ ደመናዎች ውስጥ የዚህን ብርሃን ሙቀት የለኩ ሌሎች ተመራማሪዎችም በቀድሞው ዘመን ከዛሬው የበለጠ ሞቃት እንደነበረ አግኝተዋል። መስፋፋቱ እውነት ከሆነ መሆን ያለበትም ይኸው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ለወሎ ሰው ለማስረዳት አይከብድም ብዬ አምናለሁ።

ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ነው ብያለሁ፤ ፍጹም እኩል ግን አይደለም። አንደኛው ልዩነት ከእኛው የመጣ ነው፦ ፀሐይና ምድር በሰከንድ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምንጓዝ የምንሄድበት ወገን በጥቂቱ ሞቅ፣ የምንሸሸው ወገን በጥቂቱ ቀዝቀዝ ብሎ ይታያል። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በአንድ ሰከንድ ግድም መጨረስ ማለት ነው፤ እኛ ግን ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን። ይህ ሲቀነስ ሌላ ልዩነት ይቀራል፤ ከመቶ ሺህ አንድ ያህል ብቻ። ሐይቃችሁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል አይደል? ውሃው ላይ ቁመቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ እጥፋት እንዳለ አስቢው፤ ያን ታህል ነች። ኮቤ በ1992 መኖሯን አረጋገጠች፤ በ2001 የመጠቀችው ደብልዩማፕና በ2009 የመጠቀችው ፕላንክ አጥርተው ሣሏት።

እነዚያ እጥፋቶች የድምፅ ሞገዶች ናቸው። ጉሙ ሳይገለጥ ብርሃኑና ቁሱ አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ ፈሳሽ ነበሩ። ስበት ቁሱን ወደ ጥቅጥቁ ቦታ ይስበዋል፤ የብርሃኑ ግፊት መልሶ ይገፋዋል፤ እንደገና ይሳባል፤ እንደገና ይገፋል። መጨማደድና መላላት የሚፈራረቅበት ነገር ደግሞ ድምፅ ነው። ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት ከግማሽ በላይ ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ብርሃኑ ከቁሱ ተለየ፤ ሞገዶቹም እያንዳንዳቸው በነበሩበት ቀሩ፤ አንዱ እንደተጨማደደ፣ ሌላው እንደላላ። በብርሃኑ ላይ ታትመው ደረሱን።

እዚህ ላይ ክራር አምጪ። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ከወሎ አገር ነው፤ ስለዚህ ጆሮሽ የሠለጠነ ነው ብዬ ልነሣ። ከጎረቤት ቤት አንድ ድምፅ ቢሰማሽ፣ ያው ድምፅ በክራርም በማሲንቆም ቢመታ፣ ሳታዪ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ምክንያቱም አንድ ክር ሲርገበገብ ዋናውን ድምፅ ብቻ አያወጣም። ከእሱ በላይ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እያሉ የሚወጡ ቀጫጭን ድምፆች አብረውት ይሰማሉ። የእነሱ መጠን ደግሞ በክሩ፣ በቆዳውና በእንጨቱ ይለያያል። ጆሮሽ ከድምፁ ተነሥቶ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ይለያል። የሥነ ፈለክ ባለሙያውም ያደረገው ይህንኑ ነው። እጥፋቶቹን በስፋታቸው ከፋፍሎ የየትኛው ስፋት ምን ያህል ጎልቶ እንደወጣ በግራፍ ሲያስቀምጠው ጉብታዎች ተደርድረው ታዩት፤ ዋናው ድምፅ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው።

የመጀመሪያው ጉብታ ሰማይ ላይ አንድ ዲግሪ ያህል ስፋት አለው፤ ሙሉ ጨረቃን ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ብታስቀምጫት የሚሆነውን ያህል። ድምፁ በ380 ሺህ ዓመት ምን ያህል እንደተጓዘ በስሌት ስለሚታወቅ፣ የታየው ማዕዘን ከእውነተኛው ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ጠፈር ጠማማ ይሁን ቀጥ ያለ ይለያል። ቀጥ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ በትምህርት ቤት እንደተማርሽው የሦስት ማዕዘን ድምር 180 ዲግሪ የሚሆንበት ማለት ነው። ሁለተኛው ጉብታ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንዳነሰ ሲታይ ተራው ቁስ፣ እኛ የተሠራንበት፣ መጠኑ ይታወቃል፤ ተራ ቁስ ክብደት ሆኖ መጨማደዱን ስለሚያበረታ ነው። ሦስተኛው ጉብታ ደግሞ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ብርሃን የማያወጣ፣ ብርሃንንም የማይጋርድ፣ የሚሳብና የሚስብ ግን የብርሃን ግፊት የማይነካው ቁስ አለ። ጥቁር ቁስ የምንለው ነው። ሒሳቡ ሲዘጋ ተራው ቁስ ከመቶ 5 ያህል፣ ጥቁሩ ቁስ 27 ያህል፣ ቀሪው 68 ያህል ደግሞ የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት የሚያፋጥነው ጥቁር ኃይል ሆነ። መጽሐፍሽ ላይ ያነበብሽው 13.8 ቢሊዮን ዓመትም የተገኘው ከዚሁ ቅኝት ነው።

ጥቁር ቁስና ጥቁር ኃይል በምንነታቸው ገና አልታወቁም። መጠናቸውን ግን ድምፁ ነግሮናል፤ ከደጅ ሆኖ ክራሩ ስንት ክር እንዳለው በጆሮ እንደመቁጠር ነው።

ሁለተኛ ምስክር ይኑር ቢሉሽ፣ አለ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ገና ጉሙ ሳይገለጥ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ከቁሱ ክብደት ሩብ ያህሉ ሂሊየም፣ የቀረው ማለት ይቻላል ሃይድሮጂን ሆነ፤ እጅግ ጥቂት ከባድ ሃይድሮጂንም ቀረ። የዚያን ጥቂት መጠን በሩቅ ጋዝ ውስጥ የለኩ ሰዎች ተራው ቁስ ምን ያህል መሆን እንዳለበት አሰሉ። ከክራሩ ሁለተኛ ድምፅ ከተገኘው ጋር ተስማማ። አንዱ የመሰከረው ስለ ጥቂት ደቂቃዎች፣ ሌላው ስለ 380 ሺህ ዓመት ነው፤ አለካካቸውም አይገናኝም፤ ቃላቸው ግን አንድ ሆነ። ሦስተኛም አለ። የድምፁ ሞገድ የቆመበት ርቀት ዓለሙ ሲሰፋ አብሮ ሰፍቶ፣ ዛሬ ጋላክሲዎች 500 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ተራርቀው መገኘትን በጥቂቱ የሚያበዙበት ርቀት ሆኗል። በ2005 የጋላክሲዎችን ካርታ የሠሩ ሁለት ቡድኖች አገኙት። ትንንሾቹ እጥፋቶች ናቸው አድገው ጋላክሲ፣ ኮከብ፣ ምድር የሆኑት። እነሱ ባይኖሩ ጦሳም አይኖርም ነበር።

ምስክሮች የማይስማሙበትም አለ፤ እሱን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ዓለሙ ዛሬ በምን ፍጥነት እንደሚሰፋ ከጥንታዊው ብርሃን ሲሰላ 67 ይወጣል፤ በቅርብ ባሉ ከዋክብትና በፈነዱ ከዋክብት ርቀትን ለክተው ሲያሰሉት 73 ያህል ይወጣል። (ልኩ በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት በሰከንድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው።) ልዩነቱ ከመለኪያዎቹ ስሕተት በላይ ሆኖ ዓመታት ቆይቷል። ከሁለቱ አንዱ ያልታወቀ ስሕተት ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሁለቱም ልክ ሆነው እኛ ያልገባን ነገር በመሃል ይኖራል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ሆኖም ለመፍረድ ገና ነው።

«የተነሣበት ቦታ የት ነው?» ላልሽው፣ እዚህ ነው። ሐይቅ ላይ፣ ደሴ ላይ፣ አንድሮሜዳም ላይ። «ታላቁ ፍንዳታ» የሚለው ስም ሰውን ያሳስታል፤ ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ነጥብ ፈንድቶ የተበተነ ያስመስላል። ሜዳው ራሱ ነው የሰፋው፤ ስለዚህ መሐል የለውም። ዛሬ እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ ያኔ ከዚያው ጉም ውስጥ ነበር። ከዚህ የተነሣው ብርሃን ወጥቶ ሄዷል፤ ዛሬ የሚደርሳችሁ ያን ጊዜ ሩቅ ከነበረ ቦታ የተነሣው ነው። ከጉሙ ግን የቀረላችሁ አለ፦ ከሐይቁ በጀሪካን የምትቀዱት ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን ፕሮቶን የዚያን ዘመን ነው። ኦክስጂኑ ኋላ በከዋክብት ሆድ ውስጥ የተሠራ ነው።

«ከዚያ በፊትስ?» ከጉሙ ወዲያ ብርሃን አይመሰክርልንም። በመጀመሪያዋ እጅግ አጭር ቅጽበት ዓለሙ በአንድ ጊዜ በኃይል ተለጥጧል የሚል ሐሳብ አለ፤ ብዙ ነገር ስለሚያስረዳ ብዙዎቻችን እንይዘዋለን፤ ያየነው ግን አይደለም። በ2014 ደቡብ ዋልታ ላይ የሚሠራ አንድ ቡድን የዚያን መለጠጥ አሻራ በጥንታዊው ብርሃን ላይ አገኘሁ ብሎ አስታወቀ። በዓመቱ ከፕላንክ ልኬት ጋር ሲመሳከር ምልክቱ በአብዛኛው የራሳችን ጋላክሲ አቧራ ሆኖ ተገኘ፤ ቡድኑም ከፕላንክ ሰዎች ጋር አብሮ ሠርቶ ይህንኑ አሳተመ። ዛሬም ፍለጋው ቀጥሏል። ከብርሃን ይልቅ የስበት ሞገድ፣ ማለትም የጠፈሩ የራሱ መርገብገብ፣ ጉሙን ሰንጥቆ ያልፋልና፣ አንድ ቀን ከዚያ ወዲያ የሚመሰክር ከተገኘ እሱ ይሆናል። ከዚያም በፊት ምን ነበር ለሚለው የፊዚክስ መሣሪያ አይደርስም። የእምነቱን ቃል አያትሽ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ እኔ በማላየው ላይ አልመሰክርም።

አንድ የምታሳዪያቸው ነገር ቢፈልጉ፣ ማታ ደጅ ላይ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት ባዶውን ሲኒ አንሺላቸው። ጠፈር ላይ በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የዚያ ጥንታዊ ብርሃን 411 ያህል ቅንጣቶች፣ ፎቶኖች፣ አሉ። 70 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ሲኒ ጠፈር ላይ ብትሆን ወደ 29 ሺህ ትይዛለች። እናንተ ደጅ ምድር የሰማዩን ግማሽ ትከልላለች፣ አየሩም ጥቂት ያስቀራል፤ ቢሆንም በዚያች ሲኒ ውስጥ በየቅጽበቱ ብዙ ሺህ አሉ። ከቢሊዮንኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አልፈው ሌሎች ይተካሉ። አብዛኞቹ ከዚያ ጉም ወጥተው ሲኒዋ እስኪያገኛቸው ድረስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ምንም ሳይነካቸው የመጡ ናቸው።